ሦስተኛው ፊት

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉ። ይህን ወሬ የምነግራችሁ ግን ፊታችሁን ፈታ አድርጋችሁ ከሰማችሁኝ ብቻ ነው። እዚያ ጥግ ላይ ግንባርህን የቋጠርከው፣ አዎ አንተን ነው፣ ፍታው። ለምን እንዳልኩህ ኋላ ይገባሃል።

ከሁለት ወንዝ ማዶ አንድ አገር ነበረ። ስሙን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ «እሱማ የኛው ጎረቤት ነው» ትሉና ጠብ ይነሳል። አገሩ የከበሮ አገር ነው። ልጅ ሲወለድ ከበሮ፣ ሙሽራ ስትመጣ ከበሮ፣ ሰው ሲሞት ከበሮ፣ ዝናብ ሲዘገይም ከበሮ። ከበሮ ሠሪው እንደ ጉድ ነው የሞላው። ታዲያ የሚገርማችሁ፣ በዚያ አገር ከከበሮ ይልቅ የንብ ቀፎ ይበዛ ነበር። እንዴት ቢሉ የዳኛውን ነገር መስማት ያስፈልጋል።

ድሮ ድሮ አዲስ ከበሮ ሲሠራ ድምፁን የሚመዝን ዳኛ ነበረ፤ ጆሮ ያለው። ጆሮ ያለው ዳኛ ደግሞ የወንድሙ ልጅ የሠራው ከበሮ ይጥመዋል፣ የባላንጣው ይጎረብጠዋል። ሕዝቡ አቤት አለ። ንጉሡ ሦስት ቀን አሰበ፤ አሳቢ ንጉሥ ነበር ይባላል፣ እኔ እንጃ። በአራተኛው ቀን አዋጅ አስነገረ፦ «የሚሰማ ያዳላል። የማይሰማ አያዳላም። ከዛሬ ጀምሮ የድምፅ ዳኛ ጆሮው የማይሰማ ሰው ይሁን!» ሕዝቡም እልል አለ። አይ ሰው!

የማይሰማ ሰው ድምፅ እንዴት ይዳኛል ትሉ ይሆናል። ቀላል ነው አሉ። ዳኛው ከፍ ባለ ወንበር ላይ ሆኖ ጀርባውን ለከበሮው፣ ፊቱን ለከበሮ ሠሪዎቹ ይሰጣል። ከበሮ ሠሪዎቹ ደግሞ በረጅም አግዳሚ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። አዲሱን ከበሮ ሠሪው ራሱ ከዳኛው ኋላ ቆሞ ይመታል። ካዳመጡት መካከል የሦስት ሰው ፊት ከበራ ከበሮው አለፈ፤ በንጉሡ አዳራሽ ይሰቀላል፣ በተመታ ቁጥር የሠሪው ስም ይጠራል። ሦስት ፊት ካልበራ ባለቢላዋው ይመጣና ቆዳውን ከመሃል ይተረትረዋል። ግንዱ ቀፎ ይሆናል። አንዴ የተተረተረ ግንድ ዳግመኛ ቆዳ አይለብስም፤ ይህም አዋጅ ነው። እንግዲህ ማሩ የበዛው፣ ዘፈኑ ያነሰው በዚህ ነው።

ከዳኛው በስተቀኝ ፊት ቆጣሪው አጋፋሪ ደርብ ረጅም ሸምበቆ ይዞ ይቆማል። የበራ ፊት ሲያይ በሸምበቆው እየጠቆመ «ፊት! አንድ!» ይላል። በስተግራ የጥርስ ታዛቢው አለ፤ ጎንበስ ብሎ እያየ ጥርስ ያልታየበትን ፈገግታ ያሰርዛል። ከንፈር ብቻ ከሆነ ግማሽ ነው፣ ሁለት ግማሽ ደግሞ አይደመርም። ይህ ሁሉ ከነካባው የተሰጠ ሹመት ነው፤ እንዳትስቁ። ወይም ሳቁ፣ እዚህ የሚቆጥራችሁ የለም።

ከሁሉ የከፋው ግን በአዋጅ ያልተነገረው ነው። በዓመት የሚያልፈው ሦስት ከበሮ ብቻ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ አራተኛ የለም። ስለዚህ ለሌላው ከበሮ ፊትህ በራ ማለት የራስህን ቦታ አውጥተህ ሰጠህ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት የዚያ አገር አባት ለልጁ ቆዳ መፋቅ ከማስተማሩ በፊት ፊት ማሰር ያስተምረዋል። በገበቴ ውሃ ላይ አጎንብሰው የገዛ ፊታቸውን እያዩ ይለማመዳሉ። የማሳያው ቀን ሲቃረብ ግራዋ ያኝካሉ፤ ያ ምሬት አፍ ውስጥ ካለ ፈገግታ አይመጣም። ሚስቶቻቸው ቀልድ እያወሩ ይፈትኗቸዋል። በዓለም ላይ ስንት ሙያ አለ፣ እነሱ ደስታን መዋጥ ሙያ አደረጉት። ለሹም ዘመድ ሲሆን ግን ፊቱ ሳይነግሩት ይበራል፤ ይህን የትም አገር ታውቁታላችሁ።

ከነዚህ ሰዎች አንዱ ቢሻው ይባላል። የምነግራችሁ የሱን ነው።

ቢሻው የመጀመሪያ ከበሮውን ያወጣ ዕለት ገና ጎረምሳ ነበር። ከበሮውን መታ። አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ፊቶች ንቅንቅ አላሉም። ደገመ። ምንም። እንደዚያ ያለ ብርድ የለም፣ ልጆቼ። የሠራኸውን ነገር አውጥተህ ሰው ፊት ስታስቀምጥ ሆድህን ከፍተህ እንደማሳየት ነው፤ ያየህ ሰው ዝም ካለ ከስድብ ይብሳል። ስድብማ ቢያንስ መልስ ነው።

ባለቢላዋው ብድግ ሲል ከአግዳሚው ጫፍ አንዲት ልጃገረድ ሳቀች። ስንዱ ትባላለች፤ ከቢሻው ጋር በአንድ ጌታ ደጅ ቆዳ ስትፍቅ ያደገች ናት። የማሾፍ ሳቅ እንዳይመስላችሁ፤ ደስ ሲላት መያዝ አቅቷት ነው። ጥርሷ ሁሉ ታየ፤ ጥርስ ታዛቢው ጎንበስ ማለት እንኳን አላስፈለገውም። «ፊት! አንድ!» አለ አጋፋሪው። ከጎኗ የነበሩት ሁለት ጎልማሶች፣ ጎሹና መኩሪያ፣ የሷን ፊት ሲያዩ የነሱም ተፈታ። «ሁለት! ሦስት!» ተባለ። የቢሻው ከበሮ አለፈ።

ስንዱ በዚያ ዓመት የራሷን ከበሮ አላወጣችም። «ቦታዋን ለቢሻው ሰጠች» አለ ሰዉ። ቢሻው ሄዶ እግዜር ይስጥልኝ ማለት ነበረበት። አላለም። ዛሬ እላለሁ ነገ እላለሁ ሲል ወሩ አለፈ፤ ወሩ ሲያልፍ ነገሩ አሳፈረው፤ ሲያሳፍረው ደግሞ እሷ በመንገድ ስትመጣ ካየ በሌላ በኩል ይዞር ጀመር። ውለታ እንዲህ ነው፣ ሳይመልሱት ሲቆይ ባለውለታውን ያስጠላል።

ሃያ ዓመት እንዲህ አለፈ። ስንዱ አግብታ ባሏ ሞተባት። ቢሻው ጢሙ ሸበተ። ሁለተኛ ከበሮ ያለፈለት ሰው በዚያ አገር «ሊቀ ከበሮ» ይባላል፤ ቢሻው ይህችን ስም እንደ ውሃ ጥም ይፈልጋት ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ከበሮ ላይ ሠራ። ሊያወጣው በተሰናዳበት ዓመት «ስንዱም ታወጣለች» የሚል ወሬ ሰማ። ያን ሳምንት ግራዋውን አበዛው።

በማሳያው ቀን እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሁለት ከበሮ አለፈ፤ ሁለቱም የሹም አማቾች የሠሯቸው ነበሩ፣ ሐተታ አያሻውም። «የቀረው አንድ ቦታ ነው» ብሎ አግዳሚው ተንሾካሾከ። ቀጥሎ የተጠራችው ስንዱ ናት። ከሷ ቀጥሎ ቢሻው።

ከበሮዋን ታቅፋ መጣች። ግንዱ ዋንዛ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ስትቀርጸው የኖረችው። ቆዳው የባሏ በሬ የቦራ ነው። መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ቆመችና መታች።

መጀመሪያ ቀስ ብሎ መጣ፣ ሰው ከወዲያኛው ኮረብታ ስም የሚጠራ መስሎ። ከዚያ ቀረበ። ቢሻው አወቀው። ዕድሜ ልኩን በእጁ ሲፈልገው የኖረው ድምፅ ይኸውና በሷ እጅ መጣ። የሞተች እናቱ ትዝ አለችው፤ ምን እንዳገናኛቸው አላወቀም። ደስ አለው። ቀናም። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱን ብቻ ብነግራችሁ ዋሸሁ።

የአባ ጎሹ ፊት በራ። ጎሹ አሁን ሽማግሌ ሆነዋል፤ ኋላ ሲጠየቁ «እኔ ከእንግዲህ ምን ቦታ እሻለሁ? ቦታዬ መቃብር ነው» ብለዋል። ቀጥሎ የአባ መኩሪያ በራ። «ፊት! አንድ! ሁለት!» አለ አጋፋሪው።

ስንዱ እየመታች ቀና አለች። አግዳሚውን ከዳር እስከ ዳር አየች፤ ዓይኗ ቢሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። አልለመነችም። የድሮውን ልታስታውሰውም አልፈለገችም። እንዲያው «ትሰማለህ?» የምትል ነው የምትመስለው።

ቢሻው በልቡ እንዲህ አለ፦ ሁለት አልፏል። የቀረው አንድ ነው። ፊቴ ከበራ ቦታው የሷ ሆነ፣ የኔ ሰባት ዓመት ቀፎ ሆነ። ጉንጩን ከውስጥ ነከሰ፤ አፉን ደም ደም አለው። ዓይኑን የጫማው አፍንጫ ላይ ተከለ።

«ሦስተኛ አለ?» አለ አጋፋሪው። ዝም። «ሦስተኛ አለ?» ዝም። አንገቱ በዚያች ቅጽበት ቀና ሊል ቃጥቶት እንደነበር ቢሻው ራሱ ኋላ ነግሮኛል፤ አምኜዋለሁም። መቃጣት ግን ምን ያደርጋል? «ሦስተኛ አለ?» አለ ለመጨረሻ ጊዜ። ባለቢላዋው መጣ።

ቆዳው ሲተረተር የወጣውን ድምፅ አልነግራችሁም።

ስንዱ የተተረተረውን ከበሮ ግድግዳው ሥር አስቀምጣ ወደ አግዳሚው ተመለሰች። ከበሮው ቢወድቅም ሠሪው እስከ ማታ ተቀምጦ የሌሎቹን ማዳመጥ አለበት፤ ደንቡ ነው። ክፍት ቦታ የነበረው ከቢሻው አጠገብ ነው። ተቀመጠች።

«አያ ቢሻው፣ ሰማኸው አይደል?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ጆሮዬን... ጆሮዬን አሞኝ ነበር፣ ስንዱ።»

«ውይ! እግዜር ይማርህ» አለችው። ከልቧ ነው። አሹፋበት ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር።

ወዲያው ስሙ ተጠራ። ከበሮውን አንስቶ ከዳኛው ኋላ ቆመ። ከሃያ ዓመት በፊት የነበሩት እነዚያው ፊቶች፣ አርጅተውና ይበልጥ ደርቀው ተደርድረዋል። መታ። ከበሮው ጥሩ ነው፤ ክፉ ሠራ አልልም። ግን ማን ይበራለታል? የሷን ከበሮ ያስተረተረው የሱ ፊት ነው፤ አሁን የነሱን ፊት የሚለምነው በየትኛው አፉ ነው? ዓይኑን ወደሷ ላለማዞር ታገለ። አልቻለም፤ አዞረ።

ስንዱ ትስቅ ነበር። እንደዚያ ጊዜው ነው፣ በሙሉ ጥርሷ። ጉንጯ ላይ ግን እንባው ገና አልደረቀም። ጥርስ ታዛቢው በእንባ ላይ ደንብ ስለሌለው ትንሽ ተቸግሮ ኋላ አሳለፈው። «ፊት! አንድ!» አባ ጎሹ፣ አባ መኩሪያ። «ሁለት! ሦስት!»

እልልታው ቀለጠ። ቢሻው ሊቀ ከበሮ ሆነ። እሱ ግን ዕቃ እንዳዘለ ሰው እየተንገዳገደ ተመልሶ ተቀመጠ። ስንዱ እጁን ያዝ አድርጋ «እሰይ፣ የኔ ወንድም!» አለችው። 

ሰዉ ሁሉ ነጠላውን ማጣፋት ጀመረ። ሦስት ሞልቷላ! አንድ በላቸው የሚባል ሰው ግን ቀርቶ ነበርና ለደንቡ ያህል ተጠራ። ከበሮው፣ ይቅር ይበለኝ፣ የተሰነጠቀ ቅል ይመስላል። ሁለቴ እንደመታው አንዲት ንብ ከየት መጣች ሳይባል በዳኛው ኮሌታ ገባች። ያ የተከበረ ዳኛ «ዋይ!» ብሎ ከወንበሩ ዘለለ፤ ካባው ተገለበጠ፤ በአንድ እግሩ እየዘለለ አዳራሹን ዞረው። አግዳሚው ሃያ ዓመት የታፈነውን ሳቅ በአንዴ ለቀቀው። አጋፋሪ ደርብ ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ሥራው ነውና ሸምበቆውን አነሳ፦ «ፊት! አንድ! ሁለት! ሦስት!... አሥራ ዘጠኝ!»

የበላቸው ከበሮ አለፈ።

ቢሻው ጠበቀ። አሁን አንዱ ተነሥቶ «አራተኛ የለም» ይላል ብሎ ጠበቀ። ማንም አላለም። ከበሮው ከሱ ከበሮ ጎን ተሰቀለ። ቢሻው ክው ብሎ ተነሣና ወደ አጋፋሪው ሄደ።

«ጌታዬ፣ ሦስት አይደለም እንዴ የሚያልፈው?»

«ምኑ?»

«በዓመት። ከበሮው።»

«ማን አለ?» አለ አጋፋሪ ደርብ ሸምበቆውን እየጠረገ።

«ሁሉም ይላል። ደንቡ ነው።»

«እንዲህ ያለ ደንብ የለም። አባቴም ፊት ቆጣሪ ነበር፤ ከሦስት በላይ አልፎ አያውቅም ነበር ይለኛል። አታሳልፉም፣ ምን ያድርግ? እኛ የበራውን እንቆጥራለን። ሠላሳ ቢያልፍ ሠላሳ እሰቅላለሁ። ግድግዳው ሰፊ ነው።»

ቢሻው ቀና ብሎ አየ። እውነትም ግድግዳው ሰፊ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ስንዱ ቤት ሄደ። በሃያ ዓመት የመጀመሪያው መሆኑ ነው። የተተረተሩ ግንዶችን የሚወስደው ንብ አናቢ የባሏ ወንድም ስለሆነ ግንዱን ለሷው ትቶላታል። ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ውስጡን በጠጅ ሣር ታሸዋለች፤ ንብ ሽታውን ይወዳል። የተተረተረውን የቦራን ቆዳ አጣጥፋ ከጎኗ አድርጋዋለች።

«ቤት ለእንግዳ፣ አያ ቢሻው! ጆሮህን ተሻለህ?»

«ጆሮዬን አላመመኝም» አለ ቆሞ። «ሰምቼው ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። ማሸቷን አላቋረጠችም።

«ስንዱ፣ ደንብ የለም። ሦስት የሚባል ደንብ የለም! አጋፋሪው ነገረኝ። ያንቺም የኔም ማለፍ ይችል ነበር። የዛሬ ሃያ ዓመትም ቢሆን ያንቺን ማውጣት ትችይ ነበር።»

እጇ ቆመ። «ያን ጊዜ» አለች፣ «አንድ ሠርቼ ነበር። ቦታው አልቋል ብዬ ቆጥ ላይ ሰቀልኩት። ቆዳውን አይጥ በላው።» ሣሩን በእጇ ጨመደደችው። «የለም ነው የምትለኝ? ጭራሽ?»

«የለም። ባውቅ ኖሮ... እመብርሃንን፣ ባውቅ ኖሮ ፊቴ ይበራ ነበር!»

ስንዱ ቀና ብላ አየችው። ቁጣ አልነበራትም፤ እንደደከማት ያስታውቃል።

«እኔም እኮ አላውቅም ነበር፣ አያ ቢሻው» አለችው። «ሁለቴም አላውቅም ነበር።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ቢሻው እዚያው ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ። ሌላ ግንድ ላምጣልሽ ብሎ ለመናት፤ እሱ እየፋቀ፣ እሱ እየወጠረ አዲስ እንድትሠራ። «አሥራ አንድ ዓመት ሌላ ከየት አባቴ አመጣለሁ?» አለችና ሣሯን ማሸት ቀጠለች።

ከዚያ ወዲያ ቢሻው በየመንገዱ «ሦስት የሚባል ደንብ የለም» እያለ ይናገር ነበር። ሰዉም «አንተማ ምን አለብህ፣ ሁለት አልፎልሃል» ይለው ነበር። በየዓመቱ አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ ለሁሉም ፊቱን ሊያበራ ይታገላል። ጥርስ ታዛቢው ግን ጎንበስ ብሎ ያየውና «ግማሽ» ይላል። ፊት አንዴ ካሰሩት በፈለጉት ቀን አይፈታም ለካ። የስንዱ ቦታ ባዶ ነው፤ ወደ ማሳያው መምጣት ትታለች። አዲስ ከበሮ የሚያወጡት ጀማሪዎች እየመቱ ያንን ባዶ ቦታ ያያሉ አሉ፤ ለምን እንደሚያዩት ሳያውቁ።

አንድ የመስከረም ቀን ስንዱ አስጠራችው። ቀፎው ከጓሮዋ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። ሥሩ ሲቆሙ ውስጡ ያጉረመርማል፤ ያ በከበሮው መጀመሪያ ላይ ቀስ ብሎ የመጣው፣ ሰው ከሩቅ የሚጠራ የሚመስለው ድምፅ ነው። ቢሻው ጆሮውን ግንዱ ላይ ለጥፎ ብዙ ቆየ። ስትጠራው ነው የተመለሰው። ከቆረጠችው ማር በቅጠል አድርጋ ሰጠችው።

«እስቲ ቅመስ። የመጀመሪያው ነው።»

ቀመሰ። እሷ ፊት ለፊቱ ቆማ ታየዋለች፤ አስተያየቷ ያው የማሳያው ቀን አስተያየት ነው።

«እንዴት ነው?»

ቢሻው ፊቱን ሊያበራላት ፈለገ። በሕይወቱ እንደዚያን ዕለት ምንም ነገር ፈልጎ አያውቅም። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ጉንጩ እንቢ አለ፣ ጥርሱ ሳይታይ ቀረ። እንባው ብቻ ዱብ ዱብ አለ።

«ተወው፣ አያ ቢሻው» አለችው ስንዱ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጢሙን እየጠረገችለት። «ማር ነው እኮ። ማንም አይቆጥርም።»

ወሬዬ ይኸው ነው። እኔ ዳኛ አይደለሁም፣ ሸምበቆም የለኝም። ግን ከጀመርኩ ጀምሮ ዓይኔ እናንተ ላይ ነበር። ይህን ሁሉ ስነግራችሁ እኔም ከዳኛው ኋላ እንደቆመ ሰው ነኝና፤ እስቲ አንተ ጥግ ላይ ያለኸው፣ ቀና በል ልይህ።